ከቤንዚኑ በታች የተኛው ውሃ

ይመኙሻል ለማን እንደምትዳር አባቷ በኅዳር ሚካኤል ሊናገሩ ነበር። ዘመኑ ሺህ ዘጠኝ መቶ ስልሳ አንድ ነው። ሽማግሌዎች ሁለት ጊዜ ሄደዋል። መጀመሪያ በር ላይ ቆመው ተመለሱ። በሁለተኛው ግን አባቷ መምሬ ገብረአማኑኤል "ግቡ" አሉ። አስቀመጧቸው፤ ጠላ አስቀዱላቸው። ቁርጡን ለሚካኤል ቀጠሩ። አንኮበር ይህን ሰምቶ ተደነቀ። ጠያቂው የቀጥቃጭ ልጅ ነበርና።

ወልደአረጋይ ይባላል። አባቱ ማረሻና ማጭድ ሲቀጠቅጥ ኖሮ ሞተ። ልጁ ብረቱን አልተወም፤ መዶሻውን በመፍቻ ለወጠ እንጂ። ደብረ ብርሃን ላይ ከመኪና መንገዱ ዳር በቆርቆሮ የከለላት ጋራዥ አለችው። ከአንኮበር አጠገብ የጎረቤላ ወፍጮ ሲቆም የሚጠሩት እሱን ነው። ይመኙሻልን ያወቃትም እዚያ ወፍጮ ቤት፣ እህል ይዛ ተራ ስትጠብቅ ነው። እጁ የነካውን ዱቄት ሌሎቹ ሴቶች ሲሸሹ እሷ አልሸሸችም።

"ቡዳ ከሆንክ ብላኛ!" አለችው በሰው ፊት።

ሴቶቹ አማተቡ። እሱ አንገቱን ደፋ። ከዚያ ወዲህ ግን ያ ወፍጮ ቶሎ ቶሎ ይበላሽ ጀመር።

ከጋራዡ ሌላ ያለችው ንብረት አንዲት አሮጌ የጃፓን ሞተር ብስክሌት ናት። ከአስመራ የመጣች፣ ብዙ እጅ የቀያየረች። ሁለት ካርቡሬተር አላት። ካርቡሬተር ቤንዚኑን ከአየር ጋር እያዋሐደ ለሞተሩ የሚያጎርስ ዕቃ ነው። ሁለቱ እኩል ካላጎረሱ ሞተሯ ታኮርፋለች። በሁለተኛው የሽምግልና ቀን የሽማግሌዎቹን አለቃ አቶ ዘርአ ዳዊትን ከደብረ ብርሃን ያመጣቸው በእሷ ነው። ሽማግሌው ጋቢያቸውን ተከናንበው፣ ወገቡን ጨምድደው ይዘው፣ መንገዱን ሙሉ ዳዊት ደገሙ። ወግ ነውና ጠያቂው ሽማግሌ በተቀመጠበት ግቢ አይቆምም። ሞተሯን ከመምሬ አጥር ሥር አስደግፎ ወደ ገበያው ወረደ። ነገሩ ሲያልቅ ተመልሶ ሽማግሌውን ጫነ።

"ጠላ ጠጣን" አሉት አቶ ዘርአ ዳዊት እየተፈናጠጡ። "የሚጠላህ ሰው እንዲህ ያለ ጠላ አያወጣም። ንዳት!"

ሩቅ አልሄዱም። ከሜዳው መሐል፣ ንፋሱ ከገደሉ አፋፍ በሚወጣበት ቦታ፣ ሞተሯን ትን አላት። ደግሞ ትን አላት። ዝም አለች።

"ምን ሆነች?"

"ትን ብሏት ነው፣ አባቴ።"

"ሰው ሲሆን ጀርባውን ይመቱታል። እሷን የት ነው የሚመቷት?"

ወልደአረጋይ አልሳቀም። ኮቱን አውልቆ ሣሩ ላይ ዘረጋ። የቤንዚኑን መውረጃ ዘጋ፤ ላስቲኩን ነቀለ። ካርቡሬተሮቹን የያዙትን ብሎኖች ፈታና ሁለቱንም አንድ በአንድ አውጥቶ ኮቱ ላይ አስቀመጠ። ከእያንዳንዱ ሥር ቤንዚን የሚጠራቀምባት ትንሽ ኩባያ አለች፤ በሽቦ የተያዘች። ሽቦዋን ገፋ። ኩባያዋ በእጁ ወደቀች።

ውሃና ቤንዚን አይዋሐዱም። ቤንዚኑ ከላይ ይንሳፈፋል፣ ውሃው ከታች ይተኛል፤ እንደ ዶሮ ዐይን ክብ ሆኖ። ወልደአረጋይ አየው። ኩባያዋን ሲያዘነብል ውሃው እየተንከባለለ ከአንድ ጥግ ወደ ሌላው ሄደ። ከሥሩ ግራጫ ደለል ነበር። በጣቱ አሸው። ላመ።

"አመድ" አለ።

"ምን?"

"ውሃ አለበት። አመድ አለበት። ሁለቱም ውስጥ።"

ሽማግሌው ጎንበስ ብለው አዩ። ክረምት ካለፈ ሰንብቷል። ሰማዩ ጠርቶ ነበር።

"ከቤንዚን ሻጩ ይሆናል" አሉ።

"ቤንዚን ሻጭ ውሃ ይጨምር ይሆናል። አመድ ምን ይጠቅመዋል? ይህ የሰው እጅ ነው።"

"ስማ አንተ ልጅ። ዓይንህ ያየውን አይተሃል። እጁን ግን አላየህም። ሳትሰማ አትፍረድ።"

ወልደአረጋይ ወደ ካርቡሬተሮቹ ዞረ። ኩባያዎቹን ደፋ፤ በሸሚዙ ጫፍ ወለወለ። ጣቶቹ በብርዱ ደንዝዘው ብሎን ከእጁ እያመለጠ ሣር ውስጥ ገባ። ሲፈልግ፣ ሲያገኝ፣ መልሶ ሲያጠብቅ ፀሐይ ጠለቀች። አቶ ዘርአ ዳዊት ጥርሳቸው ይንቀጫቀጭ ነበር። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ ከኮርቻው መውረድ አቃታቸው። ወልደአረጋይ አዝሎ ቤታቸው አስገባቸው። ሽማግሌው እንደ ሕፃን ቀላል ነበሩ። በልቡ እሳት የለቀቀበት ያ ቅለታቸው ነው።

በሳምንቱ ቅዳሜ አቶ ዘርአ ዳዊት ገና ከአልጋ አልተነሡም፤ ሳላቸው እስከ ደጅ ይሰማ ነበር። ወልደአረጋይ ወደ ጎረቤላ ገበያ ወረደ። መጀመሪያ የሄደው ረሺድ ጋ ነው። ረሺድ የአልዩ አምባ ሰው ነው። ጨርቅ ይሸጣል፤ ከሱቁ ጓሮ በርሜል አስቀምጦ ቤንዚንም ይቸረችራል። ከልጅነታቸው ይተዋወቃሉ።

"ቤንዚንህን አሳየኝ።"

"ጤና ይስጥልኝ ማለት ቀረ?"

"አሳየኝ ብያለሁ።"

ረሺድ ከበርሜሉ በብርጭቆ ቀድቶ ወደ ብርሃን ከፍ አደረገው። ጥርት ያለ ነበር። ከታች አንድ ጠብታ ውሃ የለበትም።

"ወላሂ፣ ውሃ መቀላቀል ባምረኝ ወተት ነጋዴ እሆን ነበር። ምን አገኘህ?"

ወልደአረጋይ ነገረው። ረሺድ ቤንዚኑን ቀስ ብሎ ወደ በርሜሉ መለሰ።

"ሞተሯ የት ነበር የቆመችው?"

"ከመምሬ ግቢ በቀር የትም አልቆመችም።"

"ተው ወልዴ። ሰብር አድርግ። አክብሮ ጠላ ያጠጣ ሰው እንዲህ አያደርግም።"

"አንተ የቀጥቃጭ ልጅ አይደለህም። አታውቀውም። ከፊት ጠላ ያጠጡሃል፣ ከኋላ ዋንጫውን ይሰብሩታል።"

"እኔም እስላም ነኝ። ለልጃቸው ሽማግሌ አልላክሁም እንጂ ብልክ ዋንጫውን በራሴ ላይ ነበር የሚሰብሩት።"

ሊያስቀው ነበር። አልሳቀም። ረሺድ እጅጌውን ያዘው። ወልደአረጋይ ነጥቆ ወጣ።

መምሬ ገብረአማኑኤል በገበያው መሐል እያለፉ ነበር። ቀጭን፣ ረጅም፣ ዝምተኛ ሰው ናቸው። ሰው እየቀረበ መስቀላቸውን ይሳለማል። ይመኙሻል ከኋላቸው ቅርጫት ይዛ ትከተላለች። ወልደአረጋይን ስታይ ፊቷ በራ። አንገቷን አቀርቅራ ፈገግታዋን ነጠላዋ ውስጥ ደበቀችው። እሱ ግን እሷን አላያትም። መምሬ ፊት ቆመ። እሳቸው መስቀሉን ዘረጉለት። አልተሳለመም።

"አባ" አለ፤ ድምፁ ከፍ ብሎ ነበር። "ልጅዎን መከልከል መብትዎ ነው። 'ከቀጥቃጭ አንጋባም' ለማለት አፍ ይበቃል። ሞተር ውስጥ ውሃና አመድ ማፍሰስ ግን የቄስ ሥራ ነው?"

ገበያተኛው ሁሉ ዞረ። አንዲት ሴት "በስመ አብ!" አለች።

መምሬ የተዘረጋ እጃቸውን አላጠፉም። "ውሃው ነው ያቆማት?"

"ውሃው ነው! አመዱ ነው! ሜዳ ላይ ቀረን። አቶ ዘርአ ዳዊት በብርድ ተመትተው አልጋ ላይ ናቸው።"

"ዘርአ ዳዊት ታመመ?"

"ሳላቸው እስከ ደጅ ይሰማል።"

ያን ጊዜ መስቀል የያዘው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ። መምሬ መሬቱን አዩ። ቆይተው ቀና አሉ።

"እኔ ነኝ" አሉ። "ያፈሰስኩት እኔ ነኝ።"

ይህን ብቻ። ይመኙሻል "አባባ!" ብላ ወደ ፊት ወጣች።

"ዝም በይ" አሏት። ሰውን እየገፉ ሳይሆን ሰው እየሸሸላቸው ሄዱ።

ወልደአረጋይ አሸንፎ ነበር። እውነቱን በሰው ፊት አስወጥቷል። ደስ ሊለው በጠበቀበት ቦታ ግን ምንም አላገኘም። ይመኙሻል ቅርጫቷን ይዛ ቆማ ታየው ነበር። አላለቀሰችም፤ አልተቆጣችም። አይታው የማታውቅ ሰው እንደምታይ ነው ያየችው። ያንን አስተያየት እስከ ደብረ ብርሃን ተሸክሞት ተመለሰ።

ከጥቂት ቀናት በኋላ ጋራዡ ደጅ ተቀምጦ ካርቡሬተሮቹን እንደገና ፈትቶ ነበር። ሞተሯ አሁንም ታስላለች። የሴት ጥላ እጁ ላይ ወደቀ።

"መሳደብ ጨረስክ?"

ዘሎ ተነሣ። ይመኙሻል ናት። ጫማዋን አቧራ ለብሶታል። የረሺድ ዘመድ መኪና ይዟት እንደመጣ ኋላ ነው የሰማው።

"ይመኙ! እንዴት መጣሽ?"

"አባቴ ለአቶ ዘርአ ዳዊት ማር ላኩ። 'እግራቸው ላይ ወድቀሽ ይቅር በሉኝ ብለዋል በይ' ብለው። ወድቄ መጣሁ።"

"እሳቸው ይቅር ቢሏቸው ጥሩ ነው። እኔ ግን..."

"አንተ ግን ምን?" ዐይኗ ብልጭ አለ። "በል ጨርሰው። አንተ ግን ይቅር አትልም?"

መሬት ላይ ከተዘረጋው ጨርቅ አንዷን ኩባያ አነሣች። ሥሯ ላይ ግራጫው ደለል ነበር። በጣቷ ነካችው፤ ሽታውን አሸተተች።

"ይህ አመድ ከየት ምድጃ ይመስልሃል?"

"ከእናንተ ነዋ።"

"ከሚካኤል ጠበል ነው። ሕመምተኛ ግንባሩን የሚቀባው እምነት ነው፣ ወልዴ። አባቴ ጠበሉ ውስጥ በጥብጠው ከራስጌያቸው በቅል ያስቀምጡታል።"

ከወልደአረጋይ እጅ ብሎን መፍቻው ካቻቢቴ ወደቀ።

"ሽማግሌዎቹ ጠላ ሲጠጡ አባቴ ቅሉን ይዘው ወጡ። ተከተልኳቸው። ሞተርህን ዞሩ፣ ዞሩ። 'ሰው ጠበል የሚጠጣው በአፉ ነው፤ ይህች የምትጠጣው በየት ነው?' አሉኝ። ክዳኑን ያሳየኋቸው እኔ ነኝ። እኔ! አንተ ቤንዚን ስትሞላ አይቼ። አፈሰሱ። ጎማዎቹን ረጩ። በእጃቸው ኮርቻውን ይዘው 'ቅዱስ ሚካኤል ሆይ፣ ልጄን ከገደሉ ጠብቅልኝ' አሉ።" ትንፋሿን ሳበች። "ልጄን ሲሉ እኔን መስሎኝ 'አቤት' አልኩ። እኔን አልነበረም።"

በመንገዱ የጭነት መኪና አለፈ። አቧራው እላያቸው ረገፈ።

"ታዲያ ለምን አልነገሩኝም?" አለ በመጨረሻ። ድምፁ የሌላ ሰው ድምፅ ነበር።

"ምን ይበሉ? ሰው በእሳቸው ውሃ ታሞ፣ በገበያ መሐል 'መርቄህ ነው' ይበሉ? አንተ ጠየቅህ፤ እሳቸው መለሱ። እስከ ዛሬ ዋሽተው አያውቁም።" ኩባያዋን መልሳ አስቀመጠችው። "ከዚያ ቀን ወዲህ መቅደስ አልገቡም። 'የተቀየመኝ ሳይታረቀኝ እጄ መሥዋዕት አይነካም' አሉ። ከምእመኑ ጋር ውጭ ቆመው ያስቀድሳሉ። ሰውም በዳይ ስለሆኑ ነው ይላል። ልጆች በመንገድ ሲያልፉ 'ውሃ! ውሃ!' ይሏቸዋል።"

ወልደአረጋይ እጆቹን ከኋላው ደበቃቸው። ለምን እንደደበቃቸው አላወቀም። መሬት ብትከፈት በገባ ነበር።

"ዕድሜዬን ሙሉ ስድብ ስጠብቅ ኖርኩ" አለ። "ምርቃት ሲመጣ መልኩን አላወቅሁትም።"

"እኔስ? እኔም ስድብ መስዬህ ነበር?"

"ይመኙ..."

"አትጥራኝ። ዛሬ አትጥራኝ። ሁለቱ የአንኮበር ሽማግሌዎች 'ቄስ ለሰደበ አንቆምም' ብለዋል። አባቴ በሚካኤል ቀን የሚመልሱለት ሰው የለም።" ነጠላዋን እስከ ዐይኗ ሳበች። "የማፍረው በአንተ መስሎኝ ነበር የመጣሁት። አሁን ሳይህ የማፍረው ስለ መረጥኩህ አይደለም። አሁንም ስለምመርጥህ ነው።"

ሄደች። አልተከተላትም። እንዲከተላት ፈልጋ እንደሆነ አላወቀም። ለመከተል የሚያበቃ ፊት አልነበረውም።

በማግስቱ አቶ ዘርአ ዳዊት ቤት ገባ። ሽማግሌው ትራስ ተደግፈው ማሩን በማንኪያ ይልሱ ነበር። ራሱን አጎንብሶ ሁሉን ነገራቸው።

"ነግራኛለች" አሉ። "እግሬ ላይ ወድቃ ነው የነገረችኝ። ሳትሰማ አትፍረድ አላልኩህም?"

"ብለውኛል።"

"ኧረ ብዬሃለሁ!" ሳላቸው። ሳላቸው ሲያልፍ ማንኪያውን ወደ እሱ ጠቆሙ። "ጠበል ላይ ተፈናጥጬ ነው ለካ የሄድኩት። ለዚህ ነው ያልሞትኩት።"

"አባቴ፣ ሲሻልዎ ሄደው ይለምኑልኝ።"

"አልሄድም። ሽማግሌ ሚስት ይለምናል እንጂ የሰደበን ሰው ነውር አይሸከምም። በገበያ ነው የሰደብከው? በሰው ፊት ታረቅ። ድንጋይህን ራስህ ተሸከም።"

የሚካኤል ዕለት ጎሕ ሲቀድ ሞተሯ ከመጨረሻው ዳገት ግርጌ ዝም አለች። ወልደአረጋይ ረሺድ ቤት አድሮ ነበር የተነሣው። አልፈታትም። እየገፋ ወጣ። ከላይ ከበሮና ጽናጽል ይሰማል። ነጭ የለበሰ ሰው ዳገቱን ሞልቶታል። የሚያውቁት አንገታቸውን አዞሩ። አንድ ጎረምሳ "ቀጥቃጩ መጣ፤ ውሃ አምጡለት!" አለ። ሳቁ።

ከደጀ ሰላሙ ውጭ ሞተሯን አጥሩን አስደገፋት። ከመንገዱ ዳር ድንጋይ መረጠ። ትንሹን አልመረጠም። ጫማውን አወለቀ፤ ድንጋዩን ማጅራቱ ላይ አኖረ፤ ጎንበስ ብሎ ወደ በሩ ተራመደ። ከዚያ በኋላ የሚያየው እግር ብቻ ነበር። እግሮቹ መንገድ ለቀቁለት። ማኅሌቱ ሊያልቅ ነው። ሰው ዝም ሲል ድንጋዩ የበለጠ ከበደ።

"ለሱ ድንጋይ ምን ይሆነዋል፤ ብረት የለመደ" አለ አንድ ድምፅ።

ሁለት ቀጫጭን እግሮች ቀስ ብለው መጥተው ፊቱ ቆሙ።

"ማን ነው?"

"ወልደአረጋይ ነኝ፣ አባ። የበደልኩዎ።"

"ዘርአ ዳዊት እንዴት ነው?"

"ተሽሏቸዋል። ተነሥተው ደጅ ወጥተዋል።"

"ተመስገን።" አሉ። "ድንጋዩ ከበደህ?"

"አልከበደኝም።"

"ይክበድህ እንጂ።"

ወልደአረጋይ አልተነቃነቀም። መምሬ ድምፃቸውን ለሰው ከፍ አደረጉ። "ይህ ልጅ በገበያ የተናገረው ሐሰት አይደለም። ውሃውን እኔ አፍስሻለሁ።"

"ጠበል ነበር!" ወልደአረጋይ ጮኸ፤ ወደ መሬት ነው የጮኸው። "ሰው ሁሉ ይስማ! እሳቸው መርቀውኝ ነበር። ከገደል ጠብቀው ብለው። ክፉ አድርጌ የተረጎምኩት እኔ ነኝ። የቄስ እጅ ተዘርግቶልኝ አልተሳለምኩም። በገበያ አዋረድኳቸው። ልጄ ነው ያሉኝን ሰው።"

ማኅሌቱ አለቀ። ንፋሱ ብቻ ቀረ። ከሴቶቹ ወገን አንዲት ሴት ስትንሰቀሰቅ ተሰማ። ማን እንደሆነች ለማየት ቀና አላለም።

"አውርድ" አሉ መምሬ።

ሊያወርድ አልቻለም። ክንዱ ደንዝዞ ነበር። መምሬ ጎንበስ ብለው ድንጋዩን በሁለት እጃቸው አንሥተው መሬት አኖሩት። ትከሻውን ይዘው አቀኑት። መስቀሉን ዘረጉለት። ግንባሩ መስቀሉን ሲነካ እንባው በእጃቸው ላይ ወረደ። አፈረበት።

"ሞተሯስ?"

"ያቻት፣ አባ። ቆማለች።"

"አሁንም በኔ ጠበል?"

"ካርቡሬተሩን እንጂ የቤንዚን ቋቷን በደንብ አላጠብኩትም ነበር። ከሥሯ የቀረው ነው የወረደው።"

አንድ ሽማግሌ ሳቁን ዋጠ። መምሬ ግን አልሳቁም። "ቅዳሴ ሳይገባ አሳየኝ" አሉ። "ያጠፋሁትን ልየው።"

ወጡ። ሰውም ተከትሎ ከበበ። ወልደአረጋይ ተንበርክኮ የግራውን ካርቡሬተር ፈታ። መምሬ ቀሚሳቸውን ሰብስበው አጠገቡ ቁጢጥ አሉ። የቀጥቃጭ ልጅና ቄስ ትከሻ ለትከሻ ሆኑ። ሰው አየ። ኩባያዋን ሲከፍት የተረፈው ውሃ ከሥር ተንከባለለ። መምሬ ረጅም ጊዜ አዩት። ወልደአረጋይ ከውስጥ ከስንዴ ቅንጣት ትንሽ የምትበልጥ የነሐስ ብሎን ፈትቶ በመዳፋቸው ላይ አኖረላቸው። በመሐሏ የመርፌ ጫፍ የሚያህል ቀዳዳ አለ።

"ቤንዚኑ በዚህ ነው የሚያልፈው። አመዱ የደፈነው ይህን ነው።"

"ይቺን?"

"ይቺን፣ አባ።"

"በምን ትጸዳለች? በሽቦ?"

"በሽቦ አትነካም፤ ቀዳዳዋ ይሰፋል። በአፍ ትነፋለች።"

ከመዳፋቸው አንሥቶ ከንፈሩ ላይ አደረጋት። ነፋ። አልተከፈተችም። ደግሞ ነፋ። ትንፋሹ ከደረቱ እየተቆራረጠ ወጣ። ሦስተኛ ሞከረ፤ አቃተው።

"አምጣት" አሉ መምሬ። ወደ አፋቸው ወሰዷት። ከአፋቸው ሳትደርስ እጃቸው ቆመ። ወደ ቤተ ክርስቲያኑ ዞረው አዩ።

"እኔ ልቀድስ ነው" አሉ። "ወደ አፌ ምንም አይገባም።"

ሊቀድሱ እንደሆነ የሰሙት ሴቶች እልል ለማለት አፋቸውን ከፈቱ። መምሬ እጃቸውን አንሥተው ዝም አሰኟቸው።

"ይመኙሻል!"

ከሴቶቹ መሐል ወጣች። ዐይኗ ቀልቷል። አባቷ ብሎኗን ዘረጉላት።

"ንፊ።"

ሰው ትንፋሹን ዋጠ። አሁን፣ በዓይናቸው ፊት፣ ከቀጥቃጩ ልጅ ከንፈር የወረደች ናት። አንዲት አሮጊት "ጥረጊያት፣ ልጄ፤ በነጠላሽ ጥረጊያት" ብለው አንሾካሾኩ። ይመኙሻል ሰማች። አልጠረገቻትም። ከንፈሯ ላይ አደረገቻት። ዐይኗን ጨፍና ነፋች። ግራጫ ብናኝ ብን ብሎ በማለዳው ፀሐይ ላይ ጠፋ። ብሎኗን ወደ ብርሃኑ አንሥታ በአንድ ዐይኗ በቀዳዳው አየች።

"ተከፍታለች" አለች።

"ምን ምን ትላለች?" አሉ አባቷ።

ከንፈሯን ላሰች። ፊቷ ተኮማተረ። "ትመራለች፣ አባባ።"

"ልመጂው" አሉ።

ደወሉ ተደወለ። መምሬ ገብረአማኑኤል ተነሥተው፣ ቀሚሳቸውን አራግፈው፣ ማንንም ሳያዩ ወደ መቅደሱ ሄዱ። እልልታው ያን ጊዜ ነው የፈነዳው። ሰው ተከትሏቸው ገባ። ከአጥሩ ሥር ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

ወልደአረጋይ ከተንበረከከበት አልተነሣም። ብሎኗን ዘረጋችለት። እጁን መዘርጋት አፈረ። እጁ ጥቁር ነበር።

"ቀና በል እንጂ።"

"አልችልም፣ ይመኙ።"

"ይቅር ብለውሃል። ለአንተም ሰጥተውኛል።"

"ለዚያ ነው እኮ የማልችለው።"

አጠገቡ ተቀመጠች። የበዓል ቀሚሷ አቧራው ላይ ወደቀ። እጁን ራሷ ገልብጣ ብሎኗን መዳፉ ላይ አኖረችና ጣቶቹን አንድ በአንድ አጠፈችለት።

"እንግዲያው ቀና አትበል" አለችው ቀስ ብላ። "እንዳቀረቀርክ ሁለተኛውን ፍታው። እሱንም ልንፋልህ።"

ካቻቢቴውን አነሣ። ፊቱን ሳያነሣ መፍታት ጀመረ።